የወጣቶች ስካውት በአካባቢ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለው ሚና

ስካውት ሲባል በአብዛኛው ሰው ዐይነ ኅሊና የሚመጣው ወጥ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በአንገታቸው ላይ ባለቀለም ሻርፕ አስረው በበዓል አደባባይ የሚሰለፉ ወጣቶች ገጽታ ነው። ይህ ገጽታ ሐሰት ባይሆንም የስካውትን ሥራ ትንሹን ክፍል ብቻ ያሳያል። ሰልፉ በዓመት ለጥቂት ቀናት የሚታይ ሲሆን፣ ንቅናቄው የተቋቋመበት ዋና ጉዳይ የሚከናወነው በቀሪዎቹ ሳምንታት፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በወንዝ ዳርና በጎረቤት ደጃፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ስካውት ምን እንደ ሆነ፣ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለሚገኝበት አካባቢ ምን እንደሚያበረክትና ከታለመለት ዓላማ የሚወጣው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለወላጆች፣ ለመምህራን፣ ለአካባቢ አስተዳደር አካላትና ለወጣቶች ያብራራል።

ምንነቱ

ስካውት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ፣ ከፖለቲካ ፓርቲ ነፃ የሆነና በብሔር፣ በቋንቋም ሆነ በሃይማኖት ልዩነት የማያደርግ የወጣቶች የትምህርት ንቅናቄ ነው። ከመደበኛው ትምህርት ጋር አይወዳደርም። የሚያስተምረው በክፍል ውስጥ በቀላሉ የማይገኘውን ነው፤ ይኸውም ከእኩዮች ጋር ተማክሮ መወሰን፣ የተወሰነውን በተግባር መፈጸም፣ ለውጤቱም መጠየቅ ነው። በአብዛኛዎቹ አገሮች አባልነት ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ የሚዘልቅ ሲሆን፣ አባላቱ በዕድሜ ደረጃ ተከፍለው ይደራጃሉ። የዓለም የስካውት ንቅናቄ ድርጅት ከ170 በላይ ብሔራዊ ማኅበራትን ያቀፈ ነው፤ የአባላቱም ቁጥር ከ50 ሚሊዮን ይበልጣል።

አመጣጡ

የንቅናቄው መሥራች እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሮበርት ባደን ፓወል ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1900 በደቡብ አፍሪካ የማፌኪንግ ከተማ ለ217 ቀናት በተከበበችበት ወቅት የከተማይቱ ልጆች ተደራጅተው መልእክት ያደርሱ፣ በሆስፒታልም ያግዙ ነበር። መኮንኑ ከዚያ ያገኙት ትምህርት፣ ልጅ እውነተኛ ኃላፊነት ሲሰጠው ከተጠበቀው በላይ እንደሚሠራ ነው። ይህንኑ በሰላም ጊዜ ለመፈተን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት 20 ያህል ልጆችን አሰባስበው በድንኳን አሰፈሯቸው። ከልጆቹ ግማሾቹ ከባለጸጎች ትምህርት ቤቶች፣ ግማሾቹ ከሠራተኛ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። በዘመኑ እንግሊዝ እነዚህ ልጆች በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት አጋጣሚ ብዙም አልነበረም። በአራት ንዑሳን ቡድኖች ተመድበው፣ እያንዳንዱ ቡድን ከመካከሉ መሪ ተሰይሞለት፣ አብረው አበሰሉ፣ አብረው አደሩ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1908፣ «ስካውቲንግ ፎር ቦይስ» የተባለው መጽሐፍ በየሁለት ሳምንቱ በክፍል በክፍል መታተም ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከመጽሐፉ ይዘት ይልቅ አስፈላጊ ነው። ልጆች አንድም ማኅበር ሳይቋቋም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ጽሑፉን እያነበቡ በየሰፈራቸው በራሳቸው ቡድን መሠረቱ፤ መሪ የሚሆናቸውን አዋቂ ፈልገው ያመጡትም ብዙ ጊዜ እነርሱው ነበሩ። ማኅበሩ የመጣው ወጣቶቹን ተከትሎ ነው። በ1909 ለንደን ውስጥ በተደረገ ትልቅ ስብሰባ ላይም ያልተጠሩ ልጃገረዶች የስካውት ልብስ ለብሰው ተገኙ። በዚህም የተነሣ በ1910 የልጃገረዶች ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1928ም ራሱን የቻለ የዓለም ማኅበር ሆነ።

ባደን ፓወል የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት በኬንያ፣ በኔሪ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1941 ዐርፈው በዚያው ተቀብረዋል። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ መካከሉ ነጥብ ያለበት ክብ ተቀርጿል፤ ስካውቶች በጫካ መንገድ ለሚከተሏቸው ጓደኞቻቸው የሚተዉት ምልክት ሲሆን፣ ትርጉሙም «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ነው። መሥራቹ የቅኝ ገዢ ሠራዊት መኮንን እንደ ነበሩ አይዘነጋም። ንቅናቄው በአፍሪካ ሥር የሰደደው ግን አፍሪካውያን ወጣቶችና መሪዎች ለየአገራቸው በሚስማማ መልኩ ስላደራጁት ነው፤ በዛሬ ይዞታውም ወታደራዊ ሥልጠና አይደለም።

በኢትዮጵያ ስካውት ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ይታወቅ ነበር። ከነፃነት በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ የበላይ ጠባቂው ሆነው ቀጥሏል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተቋርጦ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳግም ተቋቁሟል። የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበርም የዓለሙ ድርጅት አባል ነው። መቋረጡ ያስከተለው ችግር እስከ ዛሬ ይታያል። በሌሎች አገሮች የስካውት መሪ የሚሆነው ሰው በአብዛኛው በልጅነቱ ስካውት የነበረ ሲሆን፣ በእኛ አገር ዛሬ በወላጅነት ዕድሜ ላይ የሚገኘው ሰው ግን ይህን ዕድል ብዙም አላገኘም። በመሆኑም ስካውትን ከውጭ፣ በሰልፉና በደንብ ልብሱ ብቻ የሚያውቅ አዋቂ፣ ቡድን እንዲመራ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚያስተምረው ሰልፍ ቢሆን አያስገርምም።

ንዑስ ቡድኑ

የስካውት አሠራር እምብርት ንዑስ ቡድኑ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት የሚደርሱ በዕድሜ የተቀራረቡ ወጣቶች አንድ ንዑስ ቡድን ይሆናሉ። ከመካከላቸው አንዱ መሪ፣ አንዱ ምክትል ይሆናል። ቀሪዎቹም ያለ ድርሻ አይቀመጡም፤ አንዱ ገንዘብ ይይዛል፣ አንዷ የዕቃ ኃላፊ ትሆናለች፣ አንዱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑን ይጠብቃል፣ አንዷ የቡድኑን መዝገብ ትጽፋለች። ጥቂት ንዑሳን ቡድኖች ተሰባስበው አንድ የስካውት ቡድን ይመሠርታሉ። የንዑሳን ቡድኖቹ መሪዎች በየጊዜው እየተገናኙ የጋራውን ዕቅድ ይወስናሉ፤ አዋቂው መሪም በዚህ ጉባኤ ላይ የሚገኘው ለማማከርና ደኅንነትን ለመጠበቅ ነው።

ይህ አደረጃጀት ለአገራችን ልጆች እንግዳ አይደለም። በቡሄ ሰሞን ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች ማንም አዋቂ ሳያደራጃቸው አውራጅ ይመርጣሉ፣ ተቀባዮቹ ይሰለፋሉ፣ ሙልሙሉንና ገንዘቡን የሚይዝ ታማኝ ይሰይማሉ፣ በመጨረሻም በራሳቸው ደንብ ይካፈላሉ። በክፍፍሉ የበደለ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደማያስጠጋው ራሱ ያውቀዋል። በአዲስ ዓመት አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ከብት በተራ የሚያግዱ እረኞችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ስካውት የሚጨምረው ነገር ቢኖር ይህን ተፈጥሯዊ ችሎታ ከአንድ ሰሞን ጨዋታ አውጥቶ ዓመቱን ሙሉ ለሚዘልቅ ሥራ ማዋሉ ነው።

አሠራሩ ምን እንደሚመስል ለመረዳት የሁለት ቀን የካምፕ ቆይታን ማየት ይበቃል። ስምንቱ ወጣቶች ስንት ብር እንዳላቸው ይቆጥራሉ፤ ምን እንደሚበሉ፣ ድስቱን ማን ከቤት እንደሚያመጣ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ፣ ማን መቼ እንደሚያበስል ይነጋገራሉ። አዋቂው መሪ ዝርዝሩን ያያል፤ ለሕይወት ወይም ለጤና የሚያሰጋ ነገር ካለ ያስተካክላል። የተረሳው ነገር ጨው ብቻ ከሆነ ግን ዝም ይላል። ጨው የረሳ ንዑስ ቡድን ያለ ጨው ሽሮ ይበላል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ይነበባል። ልምድ የሌለው መሪ በዚህ ቦታ ላይ ሮጦ ጨው ይገዛል። ይህ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ለወጣቶቹ የሚያስተላልፈው መልእክት፣ የመጨረሻው ኃላፊነት የእነርሱ አለመሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ወጣት አባል የሚሆነው ቃል ኪዳን ገብቶ ነው። ቃል ኪዳኑ የሚገባው ተረድቶ፣ በፈቃዱና በእኩዮቹ ፊት ሲሆን፣ የስካውት ሕግም በአብዛኛው «አታድርግ» ሳይሆን «ስካውት እንዲህ ነው» በሚል መልክ የተጻፈ ነው። መሪ ቃሉ «ዝግጁ ሁን» የሚል ነው።

ለአካባቢው የሚሰጠው አገልግሎት

የዓለሙ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባኩ ላይ ባደረገው ጉባኤ የስካውትን የአሠራር ዘዴ ሲከልስ የማኅበረሰብ ተሳትፎን ከዘዴው ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ አድርጎ አስገብቷል። ይህ ማለት አገልግሎት ከሥልጠና በኋላ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ በጎ ተግባር አይደለም፤ ሥልጠናው ራሱ ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታን እንመልከት። የስካውት ሻርፕ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ተዘርግቶ ሦስት ማዕዘን ሲሆን የተሰበረ ክንድ በአንገት ላይ ይሸከማል፣ ተጠቅልሎም ቁስል ያስራል። ወጣቶቹ ከሚማሯቸው ቋጠሮዎች አንዱ ለፋሻ የሚመረጠው ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቀመጥ ቁስሉን የማይጫንና በቀላሉ የሚፈታ በመሆኑ ነው። ትልቁ ጥቅም ግን ቤት ውስጥ የሚታየው ነው። ልጅ በፈላ ውኃ ወይም በእሳት ሲቃጠል ሊጥ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት በብዙ ቤቶች የተለመደ ነው። ትክክለኛው እርምጃ ግን የተቃጠለውን አካል ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ፣ ምንም ነገር አለመቀባት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ነስር ሲነሣም ራስን ወደ ኋላ ማቃናት ሳይሆን ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ለ10 ደቂቃ ያህል ጨምቆ መያዝ ይገባል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከጤና ተቋም የሚሰጠው ንጥረ ነገር በእጅ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው በልኩ ተለክቶ፣ ተበጥብጦ ወደ ጤና ተቋም እየተወሰደ ሊሰጠው ይችላል። አንዲት የ14 ዓመት ስካውት ይህን አውቃ ለእናቷና ለአያቷ ስታሳይ ዕውቀቱ አንድ ቤት ገባ ማለት ነው። የተማረችውን ለሌሎች በተግባር ካላሳየች ደግሞ በብዙ ቡድኖች ዘንድ ትምህርቱን እንደ ጨረሰች አይቆጠርላትም።

የችግኝ ተከላም ሌላው ምሳሌ ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ የማይተክል ትምህርት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ለሪፖርት የሚቀርበው ቁጥር በአብዛኛው የተተከለው ነው፤ የአካባቢውን መልክ የሚለውጠው ግን የጸደቀው ነው። ችግኝ የሚሞተው በሐምሌ አይደለም፤ ዝናሙ ካቆመ በኋላ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ በውኃ እጦትና በፍየል አፍ ነው። ለዚህ የሚበጀው በአንድ ቀን የሚወጣ ብዙ ሕዝብ ሳይሆን ለብዙ ወራት የማይዘነጋ ትንሽ ቡድን ነው። ስምንት ልጆች አርባ ችግኝ ተረክበው የውኃ ተራ ቢያወጡ፣ አጥር ቢያጥሩ፣ በጥርና በግንቦት ቆጥረው የጸደቀውንና የደረቀውን በመዝገባቸው ቢያሰፍሩ፣ የደረቀውም ለምን እንደ ደረቀ ቢወያዩ፣ ይህ የስካውት ሥራ ነው። ከአርባው ሃያ አምስቱ ብቻ ቢጸድቁ እንኳ ቁጥሩ እውነተኛ ስለሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይጠቅማል።

የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈሮችን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እንዲህ ያለው ጎርፍ ሰውን የሚያገኘው ተኝቶ ሳለ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሌሊት የነፍስ አድን ሠራተኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች የሚያድነው የጎረቤት ዕውቀት ነው፤ ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን ብቻውን መነሣት እንደማይችል፣ የትኛው መንገድ አስቀድሞ በውኃ እንደሚዘጋ፣ ከፍ ያለው ቦታ የት እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ወጣቶች ሰፈራቸውን በእግራቸው ስለሚያካልሉት ይህን ለማወቅ የተሻሉ ናቸው። አንድ የስካውት ቡድን ከቀበሌውና ከዕድሩ ጋር ተስማምቶ የሰፈሩን ካርታ በእጁ ሊስል፣ ጎርፍ የሚያልፍባቸውን መንገዶች ሊያመለክት፣ ከክረምት በፊትም በየቤቱ እየዞረ የመሰብሰቢያውን ቦታ ሊያሳውቅ ይችላል። የሕሙማንና የአቅመ ደካሞች ዝርዝር ግን የባለቤቶቹ ፈቃድ ተጠይቆ የሚያዝና በአደባባይ የማይለጠፍ መሆን አለበት። በአደጋው ሰዓትም ገደቡ የታወቀ መሆን ይኖርበታል፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ወጣቶች ወደ ጎርፍ አይገቡም፣ የሚነድ ቤት አይጠጉም። የእነርሱ ሥራ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ መልእክት ማድረስ፣ ሕፃናትን በአንድ ቦታ መሰብሰብና ከደረሱ በኋላ መቁጠር ነው።

ከዚህ በመለስ ስማቸው የማይጠራ ብዙ አገልግሎቶች አሉ። ድንኳን መትከልና መንቀል የሚችል ወጣት በሰፈሩ ለቅሶ ሲደርስ ለዕድሩ የሚሰጠው እገዛ ቀላል አይደለም። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ውኃ መቅዳት፣ መድኃኒት ቤት መላላክ፣ ተቀምጦ ማጫወትም እንዲሁ። አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት ግን ነዋሪው ሊጠየቅ ይገባል። ወጣቶቹ የውኃ መውረጃ ቦይ ለመጥረግ አቅደው ሊሆን ይችላል፤ ነዋሪዎቹ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው ትንንሽ ተማሪዎች አስፋልቱን የሚሻገሩበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ጠይቆ ዕቅዱን የለወጠ ቡድን ከቦዩ በላይ ነገር ተምሯል።

የልጃገረዶች ተሳትፎ

በብዙ አገሮች ወንዶችና ሴቶች በአንድ ቡድን ይሳተፋሉ። በሌሎቹም የልጃገረዶች ማኅበር ለብቻው ይሠራል። በተግባር ልጃገረዶችን የሚያስቀረው ደንብ ሳይሆን ሰዓት ነው። ስብሰባው ውኃ በሚቀዳበት ወይም እራት በሚሠራበት ሰዓት ከተጠራ ወንዶቹ ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ይቀራሉ። ሰዓቱን ከልጃገረዶቹና ከእናቶቻቸው ጋር ተማክሮ መወሰን፣ ሴት መሪ ማዘጋጀትና የተለየ መጸዳጃ ማሟላት ከማናቸውም የቅስቀሳ መፈክር የበለጠ ውጤት አለው።

ከዓላማው የሚወጣበት መንገድ

ስካውት ለአካባቢው የሚሰጠው ጥቅም ከተለመዱ አራት ስሕተቶች የተነሣ ሊጠፋ ይችላል። የመጀመሪያው ቡድኑን የሥነ ሥርዓት ማሟያ ማድረግ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ለአቀባበል የሚጠራ፣ በፀሐይ ቆሞ የሚውልና ሌላ ጊዜ የማይፈለግ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ይበተናል፤ ጎበዞቹ ልጆች አስቀድመው ይወጣሉ። ሁለተኛው የፀጥታ ሥራ ማሠራት ነው። በትልልቅ ሕዝባዊ በዓላት ላይ መንገድ ማሳየት፣ የጠፋ ሕፃን ከወላጁ ጋር ማገናኘት፣ ውኃ ማደል ለስካውት የሚገባ አገልግሎት ነው፤ ሰው መፈተሽ፣ መግፋት ወይም መከልከል ግን የተሰጠው ሥልጣን የለም። ሦስተኛው በደመወዝ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ በነፃ ለማሠራት መጠቀም ነው፤ አንድ ሥራ ለወጣቶቹ ትምህርትም ሆነ ለነዋሪው ጥቅም ከሌለውና የአንድን ተቋም ወጪ ብቻ የሚቀንስ ከሆነ በበጎ ፈቃድ ስም ሊጠራ አይገባም። አራተኛው ለፖለቲካ ቅስቀሳ ማሰለፍ ነው፤ ይህ የንቅናቄውን መሠረታዊ ባሕርይ ይጥሳል፣ በወላጆች ዘንድ የተገኘውንም እምነት ያጠፋል።

እነዚህ አራቱም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ በሁሉም ላይ የሚወስነው አዋቂው ነው፤ ወጣቶቹ በእጅና በእግራቸው ብቻ ይፈለጋሉ።

የሕፃናት ደኅንነት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚላቸው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ነው። የስካውት አባላት ከዚህ ባነሰ ዕድሜ የሚጀምሩ በመሆኑ አብዛኞቹ በሕግ ፊት ሕፃናት ናቸው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች በሚወሰዱበት ጊዜ የሕፃናቱ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ሕፃናት በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

የዓለሙ የስካውት ድርጅት ወጣቶችን ከጉዳት የሚጠብቅ ፖሊሲ አለው። በተግባር ሲታይ ዋናው ነገር ቀላል ነው። አንድ አዋቂ ከአንድ ሕፃን ጋር ከሌሎች ዐይን ተሰውሮ ብቻውን አይሆንም። በካምፕ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይገኛሉ፤ ልጃገረዶች ባሉበት አንዷ ሴት ትሆናለች። አዋቂዎችና ሕፃናት በአንድ ድንኳን አያድሩም፤ ወንዶችና ሴቶችም በተለያየ ድንኳን ያድራሉ። መሪ ለመሆን የሚያመለክት ሰው ስለ ቀድሞ ሥራውና ጠባዩ ከሚያውቁት ሰዎች ይጠየቃል፤ ሰውየው በአካባቢው የተከበረ መሆኑ ይህን ጥያቄ አያስቀርም። እያንዳንዱ ልጅም አንድ ነገር ቢደርስበት ከመሪው ሌላ ለማን መናገር እንደሚችል በስም ሊያውቅ ይገባል። በሕፃን ላይ ጥቃት መፈጸሙ ሲጠረጠር ጉዳዩ በቡድኑ ውስጥ ወይም በሽምግልና የሚያልቅ አይደለም፤ ለፖሊስና ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።

ቡድን ለማቋቋም ለሚያስቡ

ቡድን ማቋቋም የሚፈልግ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ መቶ ልጅ በአንድ ቀን መመዝገብ አይጠበቅበትም። ሁለት ንዑሳን ቡድኖችና ሁለት የሠለጠኑ አዋቂዎች ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። የአዋቂዎች ሥልጠና ከልጆቹ ምዝገባ መቅደም አለበት፤ ንቅናቄው ገና በልጅነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ለንደን አጠገብ ጊልዌል በተባለ ቦታ የመሪዎች ማሠልጠኛ የከፈተውም ያለ ሠለጠነ መሪ ሥራው እንደማይጸና በመረዳት ነው። ሥልጠናውንና ዕውቅናውን በሚመለከት የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበርን፣ በወረዳ ደረጃም የወጣቶችን ጉዳይ የሚከታተለውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ገመድ፣ ድስት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥንና መዝገብ ይበቃሉ። የደንብ ልብስ ወጪ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ሙሉ ልብስ መግዛት የአባልነት ግዴታ በሆነበት ቦታ በአገልግሎቱ ይበልጥ የሚጠቀሙት ልጆች ከበር ይመለሳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በያዘው ልብስ ላይ አንድ ዓይነት ሻርፕ ቢያስር ይበቃዋል፤ ሻርፑንም አንድ የሰፈር ልብስ ሰፊ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለሁሉም ሊቆርጠው ይችላል።

ወላጆች ልጃቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት የቡድኑን ስብሰባ አንድ ቀን መጥተው ማየት ይችላሉ፤ ይህን የሚከለክል ቡድን ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በስብሰባው ላይ ሊታይ የሚገባው ልጆቹ ምን ያህል ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ ሳይሆን፣ ሲናገሩ የሚሰማው የማን ድምፅ እንደ ሆነ ነው። ከዚያም መሪዎቹ እነማን እንደ ሆኑና ማን እንዳሠለጠናቸው፣ የሚቀጥለውን ወር ዕቅድ ማን እንዳወጣው፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለና መዝገቡ የት እንደሚታይ መጠየቅ ይጠቅማል። ልጅ ከሰፈር ውጭ በሚያድርበት ጊዜ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጣል፤ በጽሑፉም ላይ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የማደሪያው ቦታ፣ የሁለቱ መሪዎች ስምና ስልክ፣ ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ካለም እርሱ ይሰፍራል። የዚህ ጽሑፍ አንዱ ቅጂ ለወላጅ ይሰጣል፣ አንዱ ከመሪው ጋር ይጓዛል፣ አንዱም በትምህርት ቤቱ ወይም በቀበሌው ይቀመጣል።